የዛሩ ሾፌር፣ የበረሃው ሰንሰለት፦ ስሙ በማሽኖቹ ሥር የተቀበረው አዶልፍ ኬግሬስ

ከካርቱም በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ሱዳን፣ ግብፅ እና ሊቢያ በሚዋሰኑበት ስፍራ ኡዌይናት የተባለ ተራራ አለ። ዙሪያው አሸዋና ድንጋይ ነው። ለዘመናት ወደዚያ የሚያደርሰው መጓጓዣ ግመል ብቻ ነበር። በአውሮፓውያኑ 1923 ግብፃዊው አሳሽ አህመድ ሐሰነይን ከሜዲትራኒያን ጠረፍ ተነስተው በግመል እስከ ሱዳኗ ኤል ኦቤይድ ሲዘልቁ፣ የተራራው ስፍራ በካርታ ላይ እንዲሰፍር አደረጉ። ጉዞው ወራትን የፈጀ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ግብፃዊው ልዑል ከማል ኤል ዲን ሁሴን ወደዚያው በረሃ አመሩ። እሳቸው ግን ከዚያ ቀደም በአካባቢው ታይቶ የማይታወቅ መኪና ይዘው ነበር። ከፊት ሲያዩት እንደ ማንኛውም መኪና በሁለት ጎማዎች የሚመራ ነው። ከኋላ ግን ጎማ የለውም፤ በጎማው ፈንታ በትናንሽ መንኮራኩሮች ላይ የሚሽከረከር ሰፊ የላስቲክ ሰንሰለት ተገጥሞለታል።

በመኪናው ግንባር ላይ የሚነበበው ስም የፈረንሳዩ ሲትሮኤን ነበር። አሸዋውን የረታው የኋላ ክፍል ግን ከሌላ ሰው አእምሮ የፈለቀ ነው። ያ ሰው አዶልፍ ኬግሬስ ይባላል። የሩሲያው ዛር ሾፌርና መካኒክ የነበረው ይህ ፈረንሳዊ የሠራው ማሽን ነገሥታትን፣ አብዮተኞችን፣ አሳሾችን እና እርስ በርስ የሚዋጉ ሠራዊቶችን አገልግሏል። ማሽኑ በየጊዜው የሌሎችን ስም እየያዘ ሲሄድ የባለቤቱ ስም ግን እየደበዘዘ መጣ።

ከኤሪኩር እስከ ዛሩ ጋራዥ

አዶልፍ ኬግሬስ በ1879 በምሥራቃዊ ፈረንሳይ፣ ኤሪኩር በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለደ። አካባቢው ፋብሪካዎች የበዙበት፣ ወጣቶች ከብረትና ከማሽን ጋር ገና በለጋ ዕድሜያቸው የሚተዋወቁበት ነበር። እሱም የሞተር ሥራን መረጠ። ያኔ አውቶሞቢል ገና የሀብታሞች መጫወቻ ተደርጎ የሚታይ፣ በየመንገዱ የሚበላሽና ያለ መካኒክ ከቤት የማይወጣ ዕቃ ነበር።

20ኛው ክፍለ ዘመን በባተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወጣቱ መካኒክ ወደ ሩሲያ አቀና። የሩሲያ መኳንንት ፈረንሳይኛ ይናገራሉ፤ የፈረንሳይ መኪኖችንም ይወዳሉ። ከነዚህ መኳንንት አንዱ የሆኑት ልዑል ቭላድሚር ኦርሎቭ ለዛር ዳግማዊ ኒኮላስ ቅርብ ሰው ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ መኪና መሳፈር በጀመሩበት ወቅት መሪውን ይይዙላቸው የነበሩትም እሳቸው ናቸው። ኬግሬስ ወደ ቤተ መንግሥቱ የገባው በኦርሎቭ በኩል ነው።

በፃርስኮዬ ሴሎ የነበረው የዛሩ ጋራዥ እያደገ ሄዶ በዘመኑ በአውሮፓ ስመ ጥር ከሆኑት የነገሥታት ጋራዦች አንዱ ሆነ። ደሎኔ-ቤልቪልን የመሳሰሉ ውድ የፈረንሳይ መኪኖች ተደርድረውበታል። ኬግሬስ የጋራዡ የቴክኒክ ኃላፊ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱንም ራሱ እየነዳ ያጓጉዝ ነበር። ከሠራተኛ ቤተሰብ መንደር የወጣ ሰው በዚያ ዘመን ከአንድ ዛር ጀርባ ሳይሆን ከፊቱ የሚቀመጥበት ሥራ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በረዶ የወለደው ሐሳብ

ይሁን እንጂ ሥራው አንድ ትልቅ ጠላት ነበረው፤ የሩሲያ ክረምት። በረዶው ሲቆለል እነዚያ ውድ መኪኖች ከጋራዥ አይወጡም። ጠባቡ ጎማ በረዶውን እየሰነጠቀ ይሰምጣል፤ የኋላ እግሮቹ በባዶ ይሽከረከራሉ። ቤተ መንግሥቱም ወደ ፈረስና ወደ በረዶ ሸርተቴ ይመለሳል።

ኬግሬስ መፍትሔውን የፈለገው ክብደትን በማከፋፈል ነበር። ነገሩን ለመረዳት የግመልን እግር ከአህያ ኮቴ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። አህያ ቀላል ብትሆንም ኮቴዋ ጠባብ ስለሆነ ለስላሳ አሸዋ ውስጥ ይገባል። ከባዱ ግመል ግን ሰፊና ለስላሳ መዳፉን ዘርግቶ ከላይ ከላይ ይረግጣል። ኬግሬስም ከመኪናው ፊት የበረዶ መንሸራተቻ፣ ከኋላ ደግሞ መሬቱን በሰፊው የሚረግጥ ተጣጣፊ ቀበቶ ገጠመ።

በሰንሰለት የሚሄድ ማሽን በራሱ አዲስ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ በብረት ሰንሰለት የሚሄዱ የእርሻ ትራክተሮች ሥራ ጀምረው ነበር። እነሱ ግን ከባድና ዘገምተኛ ነበሩ። የኬግሬስ ፈጠራ ቀላልና ድምፅ አልባ በሆነ ተጣጣፊ ቀበቶ አንድን ተራ መኪና ከመንገድ ውጭ በመኪና ፍጥነት እንዲሄድ ማስቻሉ ላይ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ አንስቶ ሐሳቡን እያሻሻለ በሙከራ አዳበረው። የዛሩ ጋራዥ መኪኖችም መሞከሪያው ሆኑ።

ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን የቤተ መንግሥት ምቾት ማሟያ የነበረው ፈጠራ የጦር ሠራዊቱን ዓይን ሳበ። በፔትሮግራድ የሚገኘው የፑቲሎቭ ፋብሪካ በእንግሊዙ ኦስቲን ብረት ለበስ መኪና ላይ የኬግሬስን ሰንሰለት እንዲገጥም ታቀደ። ከብረት ለበስ ሃፍትራክ፣ ማለትም ከፊት በጎማ ከኋላ በሰንሰለት ከሚሄድ የጦር ተሽከርካሪ፣ ቀደምቶች አንዱ እንዲህ ተጠነሰሰ።

አብዮትና ስደት

ዕቅዱ ፍሬ ሳያፈራ በ1917 ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ ከዙፋናቸው ወረዱ። ኬግሬስ አሠሪውን፣ ጋራዡን እና በሩሲያ የገነባውን ኑሮ በአንድ ጊዜ አጣ። በፊንላንድ በኩል አድርጎ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ።

ፈጠራው ግን ሩሲያ ውስጥ ቀረ። አዲሱ መንግሥት ብረት ለበሶቹን በጥቂት ቁጥር አሠርቶ በእርስ በርስ ጦርነቱ አሰለፋቸው። በ1920 ከእነዚህ አንዱ በፖላንድ ወታደሮች ተማርኮ በፖላንድ ሠራዊት ውስጥ አገለገለ። የአብዮቱ መሪ ቭላድሚር ሌኒን ደግሞ በኬግሬስ ሰንሰለት የሚሄድ ሮልስ ሮይስ ነበራቸው። መኪናው እስከ ዛሬ ከሞስኮ ወጣ ባለው የጎርኪ ሌኒንስኪዬ ሙዚየም ይገኛል። ለዛሩ የተፈለሰፈው ሰንሰለት የአብዮቱን መሪ በበረዶ ላይ አጓጓዘ። ፈልሳፊው በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ አዲስ ሥራ እየፈለገ ነበር።

ከሲትሮኤን ጋር ወደ ሰሃራ

ፓሪስ ውስጥ ኬግሬስ ከኢንጂነር ዣክ ሂንስቲን ጋር ተገናኘ። ሂንስቲን የአንድሬ ሲትሮኤን የቆየ የሥራ ባልደረባ ነበር። ሲትሮኤን በ1919 መኪና ማምረት የጀመረ፣ ለማስታወቂያ ልዩ ተሰጥኦ የነበረው ባለሀብት ነው። በበረዶ ላይ የተደረገውን ሙከራ አይቶ የፈጠራውን ጥቅም ወዲያው ተረዳ። ከ1921 ጀምሮ የኬግሬስ ሰንሰለት ተራ በሆኑ የሲትሮኤን መኪኖች ላይ መገጠም ጀመረ።

ትልቁ ፈተና በታኅሣሥ 1922 መጣ። አምስት መኪኖች ከአልጄሪያዋ ቱጉርት ተነስተው ሰሃራን በመሰንጠቅ ወደ ቲምቡክቱ ጉዞ ጀመሩ። መሪዎቹ ጆርጅ-ማሪ ሃርት እና ሉዊ ኦዱዋን-ዱብረይ ነበሩ። ለእያንዳንዱ መኪና ስም ወጥቶለት ነበር፤ የመሪው መኪና “ወርቃማው ጢንዚዛ” ይባል ነበር። ሞተራቸው 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ያለው ነው። ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን መንገድ በሦስት ሳምንታት ጨርሰው ጥር 7 ቀን 1923 ቲምቡክቱ ገቡ። በመኪና ሰሃራን ያቋረጡ የመጀመሪያዎቹ ሆኑ።

ፈረንሳይ ውስጥ ደስታው ታላቅ ነበር። ከደስታው ጀርባ ግን የቅኝ ግዛት ስሌት አለ። ፓሪስ በሰሜንና በምዕራብ አፍሪካ የያዘቻቸውን ግዛቶች በየብስ ለማገናኘት ትሻ ነበር። መኪኖቹ ያለፉበት መንገድ ለነጋዴዎችና ለግመል ነጂዎች አዲስ አልነበረም፤ የውኃ ጉድጓዶቹን የሚያውቁትም የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። አዲሱ ነገር የውጭ መንግሥት ሠራዊትና አስተዳደር በረሃውን በሳምንታት ማቋረጥ መቻሉ ነው።

በጥቅምት 1924 ሌላ ታላቅ ጉዞ ተጀመረ። ስምንት መኪኖች ከአልጄሪያዋ ኮሎም-ቤሻር ተነስተው በቻድና በኮንጎ በኩል ካምፓላ ደረሱ። ከዚያም በአራት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን እስከ ኬፕታውን ወርዶ፣ ሌሎቹ በምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች አልፈው፣ በሰኔ 1925 ማዳጋስካር ገቡ። በ1931 ደግሞ ከቤይሩት እስከ ፔኪንግ የተደረገው የእስያ ጉዞ ተከተለ። የጉዞው መሪ ሃርት በ1932 ሆንግ ኮንግ ውስጥ በሳንባ ምች ሕይወቱ አለፈ። በእነዚህ ጉዞዎች ጋዜጦች የአሳሾቹንና የሲትሮኤንን ስም አገነኑ፤ ሰንሰለቱን የሠራው ሰው ግን ከኋላ ቀረ።

በሱዳንና በግብፅ በረሃ

ልዑል ከማል ኤል ዲን ሁሴን የኬግሬስን ሰንሰለት ወደ ናይል ምዕራባዊ በረሃ ያመጡት በዚህ ወቅት ነው። ልዑሉ የግብፁ ሱልጣን ሁሴን ካሜል ልጅ ነበሩ። በ1917 አባታቸው ሲያርፉ ዙፋኑን አልፈልግም ብለው አደንንና አሰሳን መረጡ። በ1920ዎቹ አጋማሽ በሲትሮኤን-ኬግሬስ መኪኖች እስከ ኡዌይናት ዘለቁ። በ1926 ደግሞ ከተራራው በስተሰሜን የሚገኘውን ግዙፍ አምባ አይተው ጊልፍ ከቢር፣ ማለትም ታላቁ ግንብ፣ የሚል ስም አወጡለት። በ1932 ካረፉ በኋላም ሃንጋሪያዊው አሳሽ ላስሎ አልማሺ በአምባው ግርጌ የመታሰቢያ ድንጋይ አቆመላቸው።

ይሁን እንጂ ያ በረሃ የኬግሬስን ፈጠራ ድክመትም አጋለጠ። ሰንሰለቱ አሸዋውን ይረታል፤ ግን ነዳጅ ይበላል፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው፣ ላስቲኩም በሙቀትና በድንጋይ ቶሎ ያልቃል። እንግሊዛዊው መኮንን ራልፍ ባግኖልድ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚያው አካባቢ ተራ የፎርድ መኪኖችን ይዞ ገባ። ጎማውን በጥቂቱ አስተንፍሶ ሰፋ እንዲል በማድረግ፣ መኪናው ሲሰምጥ ከሥሩ የብረት ወራጅ በማንጠፍ፣ አሸዋውንም ማንበብ በመማር ሩቅ ተጓዘ። የግመሉ መዳፍ ምሥጢር በቀላል ጎማም ሊገኝ እንደሚችል አሳየ።

በ1940 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከስደት ወደ አገራቸው ለመመለስ ካርቱም ሲገቡ የኬግሬስ ፈጠራ በዚያ ግንባር ወሳኝ ቦታ አልነበረውም። የብሪታኒያ ጦር ቀደም ብሎ ከሃፍትራክ ይልቅ ወደ ጎማ ተሽከርካሪዎች አዘንብሎ ነበር። በጥር 1941 ከሱዳን ድንበር ተነስቶ ወደ ጎጃም ያቀናው ጦር ስንቅና ጥይት በዋናነት የተጫነው በሺዎች በሚቆጠሩ ግመሎች ላይ ነበር። አብዛኞቹም ለደጋው አቀበትና ብርድ ባዕድ ስለነበሩ በየመንገዱ አለቁ። በረሃውን የለመደው ግመልም እንደ ማሽኑ ሁሉ የራሱ ወሰን ነበረው።

ጦር ሜዳው የወረሰው ፈጠራ

በሌሎች ግንባሮች ግን ታሪኩ የተለየ ነው። የፈረንሳይ፣ የፖላንድና የቤልጂየም ሠራዊቶች የኬግሬስን ሰንሰለት በመድፍ መጎተቻና በብረት ለበስ መኪና ላይ ተጠቅመዋል። አሜሪካም በ1931 ሲትሮኤን-ኬግሬስ ገዝታ ከመረመረች በኋላ ከኒንግሃም በተባለ ኩባንያ አማካይነት የራሷን መሥራት ጀመረች። የዚያ ምርምር ውጤት ኤም 2 እና ኤም 3 የተባሉት ሃፍትራኮች ናቸው። በጦርነቱ ዓመታት የተለያየ ዓይነት ያላቸው ከ50,000 በላይ ተመርተው በሰሜን አፍሪካ፣ በጣልያንና በኖርማንዲ ተሰለፉ።

ኬግሬስ ይህን ሁሉ ከዳር ሆኖ ነበር የሚያየው። ሲትሮኤን በ1934 መጨረሻ ለኪሳራ ተዳረገ፤ አንድሬ ሲትሮኤንም በተከታዩ ዓመት አረፈ። ኬግሬስ ግን መፈልሰፉን አላቆመም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሁለት ፍሪሲዮን ያለው ካምቢዮ ሠርቶ ሞከረ። አንደኛው ፍሪሲዮን ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ማርሾች፣ ሌላው ሙሉ ቁጥር ያላቸውን ስለሚይዝ ኃይሉ ሳይቋረጥ ማርሽ ይለወጣል። ሐሳቡ በብዛት ለገበያ በሚመረት መኪና ላይ የዋለው ግን ከ60 ዓመታት በላይ ቆይቶ በ2003 ነው። ዛሬ በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ውስጥ ይገኛል።

ሌላው ሥራው የበለጠ አሳዛኝ መጨረሻ አለው። ፈንጂ ተሸክሞ ከርቀት እየታዘዘ የሚሄድ አነስተኛ ባለ ሰንሰለት ማሽን ሠርቶ ነበር። ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲወሩ ናሙናው በሴን ወንዝ አካባቢ ተደበቀ። በ1940 መጨረሻ ግን ጀርመኖች አገኙት። ቦርግቫርድ የተባለው ኩባንያም በእሱ መነሻነት ጎልያድ የተሰኘውን ፈንጂ ተሸካሚ ሠራ። ከ7,000 በላይ የተመረተው ጎልያድ በ1944 በዋርሶ አመፅ ወቅት በአማፅያኑ ላይ ውሏል። የኬግሬስ አስተሳሰብ በአንድ ጦርነት በሁለቱም ወገን ተሰለፈ። እሱ ግን ይህን አላየም። በየካቲት 1943፣ አገሩ ገና በወረራ ሥር ሳለች፣ በፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው ክሯሲ-ሱር-ሴን በ63 ዓመቱ አረፈ።

ስሙን ከዝገት ሥር መፈለግ

ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሃፍትራኮች ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። ሌሎቹ ብረታቸው ተገፍፎ ግንድ መጎተቻና የተበላሸ መኪና ማንሻ ሆኑ። ዛሬ አንድ የዛገ አካል ሲገኝ ማንነቱን መለየት የምርመራ ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል። ሞተሩ ተቀይሮ፣ ግንባሩ ተቆርጦ፣ ቀለሙ በቀለም ላይ ተደራርቦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዳሾች መጀመሪያ የሚፈልጉት በሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥርና የፋብሪካውን ሰሌዳ ነው። ቀለሙንም ፈጥነው አይፍቁትም፤ የቀድሞው ሠራዊት የጻፈው መለያ ቁጥር ከሥሩ ሊኖር ይችላልና።

ሰሌዳው ከጠፋ ምስክሩ የብረቱ ቅርፅ ነው። ሰንሰለቱ በብረት ማያያዣዎች የተቀጣጠለ፣ መንኮራኩሮቹም ትልልቅና እርስ በርስ የተደራረቡ ከሆኑ ተሽከርካሪው የጀርመን ሥራ ነው። ሰንሰለቱ አንድ ወጥ የላስቲክ ቀበቶ፣ መንኮራኩሮቹም ትናንሽ ከሆኑ ዘሩ ከኬግሬስ ይመዘዛል። የፊት እግሮቹ በሞተር ኃይል የሚሽከረከሩ ከሆነ አሜሪካዊ ነው፤ በፈረንሳዮቹ ላይ የፊት እግሮቹ መሪ ብቻ ናቸው። ከአሜሪካዎቹም ውስጥ ከኋላ በር ያለው ኤም 3፣ የሌለው ደግሞ ኤም 2 ነው። የኋላ ማዕዘኑ ክብ ሆኖ ብረቱ በብየዳ ከተያያዘ ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የሠራው ነው፤ የሌሎቹ ፋብሪካዎች ብረት በብሎን የታሰረ ነው።

ከሁሉም አስቸጋሪው ሰንሰለቱን መመለስ ነው። ብረት ዝገቱ ተጠርጎ፣ የጎደለው ተበይዶ ይድናል። ላስቲክ ግን ዓመታት ሲያልፉበት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ አንድ ጊዜ ከሞተ አይታደስም፣ እንደገና መቀረፅ አለበት። በ2019 ሲትሮኤን 100ኛ ዓመቱን ባከበረበት ሰሞን ፈረንሳይ ውስጥ ተማሪዎችና የአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች ተባብረው “ወርቃማው ጢንዚዛ”ን የመሰለ መኪና እንደገና ሠርተዋል። ይህን ማድረግ የቻሉት ዋናው መኪና ተጠብቆ ስለቆየ፣ ቅርፁንና መጠኑን ከእሱ መውሰድ ስለተቻለ ነው።

ካርቱምም ይህን ዓይነት ምስክሮች ታውቃለች። በ1898ቱ የኦምዱርማን ጦርነት የተሰለፈችው “መሊክ” የተባለች የጦር ጀልባ ለብዙ ዓመታት በጥቁር ዓባይ ዳርቻ ቆማ ታሪክ ስታስታውስ ኖራለች። በኦምዱርማን የኸሊፋው ቤት ሙዚየም ደግሞ ሱዳን ከገቡት ቀደምት መኪኖች አንዱ ለጎብኝዎች ይታይ ነበር። በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት ግን የከተማዋን ሙዚየሞች አልማረም፤ የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። ዕቃው ከጠፋ ቁጥሩም፣ ቅርፁም፣ የሠሪው አሻራም አብሮ ይጠፋል።

አዶልፍ ኬግሬስ ስሙን በግንባር ላይ የሚያስጽፍ ኩባንያ አልነበረውም። ዛሩ ሲወድቅ ጋራዡን፣ ሲትሮኤን ሲከስር ደጋፊውን፣ አገሩ ስትወረር ናሙናውን አጥቷል። የቀረለት ማስታወሻ ማሽኑ ራሱ ነው። ከዝገት በተረፈ ሻንሲ ሥር ትናንሾቹን መንኮራኩሮችና አንድ ወጥ የሆነውን የላስቲክ ቀበቶ ያየ አዳሽ፣ ሰሌዳው የማንንም ስም ቢናገር፣ የዛሩን ሾፌር እጅ ይለያል።